ባለቤቴ በ55፣ እኔ በ60፦ ከአንድ ፋብሪካ በሁለት መንገድ ጡረታ ስንወጣ

ባለቤቴና እኔ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያችንን የጨረስን ሰዎች ነን። እርሷ ፈተል ክፍል ነበረች፤ እኔ መጀመሪያ ሽመና ክፍል፣ በኋላ ጥገና። እርሷ በ55 ዓመቷ በፈቃዷ ወጣች፤ እኔ 60 ሞልቶኝ ተሸኘሁ። ቀድማ የወጣችው እርሷ ጤናዋ ተሻሻለላት። እስከ መጨረሻው ጤነኛ ነኝ እያልኩ የሠራሁት እኔ ግን ከወጣሁ በኋላ ዓመት ሳይሞላኝ ሆስፒታል ገባሁ። ጡረታቸው የተቃረበ ወዳጆቼ ዛሬ "መቼ ብወጣ ይሻለኛል?" ብለው ሲጠይቁኝ ብዙዎቹ ወረቀት ይዘው የሚያሰሉት ብሩን ነው። በእኛ ቤት የደረሰው በሌላው ቤት እንዳይደርስ ስለ ሰውነቱ ሒሳብ መጻፍ ፈለግሁ።

ሥራ የጀመርነው በ1970ዎቹ ነው። ጥጡ ከአዋሽ ሸለቆ ታስሮ ይመጣል፤ ይፈታል፣ ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ጥጡ የሚፈታበትና የሚበጠርበት ክፍል ከሁሉም የባሰ ብናኝ ያለበት ነው፤ ፈተል ክፍልም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ባለቤቴ ከፈረቃ ስትወጣ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ። ብናኝ ላለበት ክፍል ወተት ይታደል ነበር። ወተቱ ብናኙን አጥቦ ያወርዳል የሚል እምነት በሁላችንም ዘንድ ነበር። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ሳንባ ውስጥ የገባ ብናኝ ጋር አይደርስም። ዛሬም ብናኝ ባለበት ቦታ ወተት ጠጥታችሁ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን ኪሳችሁ ውስጥ የምትከቱ ልጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ ሁለቱንም ተጠቀሙ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሽመና ክፍል ደግሞ ጩኸት ነው። የድሮዎቹ ባለ መወርወሪያ ማሽኖች በረድፍ ሲሠሩ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጮህም አይሰማህም። እኛ በከንፈር እንቅስቃሴ መነጋገር ለምደን ነበር፤ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀልድ እናወራ ነበር። የጆሮ መድፈኛ ሲመጣልን ሙቀቱ አይቻልም፣ ያሳክካል ብለን አብዛኞቻችን አወለቅነው። ለስምንት ሰዓት ሥራ ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ጆሮን እንደሚጎዳ፣ የሽመና አዳራሽ ደግሞ ከዚያ በብዙ እንደሚበልጥ የተማርኩት በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል የደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ውስጥ ስገባ ነው። ያን ጊዜ ወደ ጥገና ተዛውሬ ነበር።

የባለቤቴ ሕመም የጀመረው ከዕረፍት ቀን ማግስት ነበር። እሑድ አርፋ ሰኞ ስትገባ ደረቷ ይታፈናል፣ ያስላታል፣ ማታ ትንፋሽ ያጥራታል። ማክሰኞና ረቡዕ እየቀለላት ይሄድና ሐሙስ ላይ እንረሳዋለን። ብርድ ነው፣ ምች ነው እያልን ዳማከሴ ጨመቅን፣ ፌጦ በጠበጥን። ከሥራ የመጣ በሽታ ቢሆን ኖሮ ሥራ ላይ በዋለች ቁጥር ይብስባት ነበር ብለን አሰብን። ዓመታት ሲያልፉ ሰኞ ብቻ የነበረው ማክሰኞን ጨመረ፤ በመጨረሻ የሳምንቱ ቀናት ሁሉ አንድ ሆኑ።

አንድ ሐኪም ነው ነገሩን የገለጠልን። ስለ ሳሏ ጥቂት ከሰማ በኋላ "እናቴ፣ ከሳምንቱ የሚብስብዎት የትኛው ቀን ነው?" አላት። ያን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቃት አልነበረም። የትንፋሽ መለኪያ አስነፋት፤ ቢሲኖሲስ የሚባለውን የጥጥ ብናኝ የሳንባ በሽታ ነገረን። መጀመሪያ ላይ ከብናኙ ሲርቁ የሚለቅ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ከቀጠለ ግን የአየር ቧንቧው ይጠባል፣ ያኔ ቢወጡም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ከዕረፍት ማግስት መባሱ ራሱ የበሽታው ዋና ምልክት ነው። በጥጥ ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ ይህችን አንድ ምልክት ያዙ፤ ከዕረፍት በተመለሳችሁበት ቀን ደረታችሁ ከታፈነ ብርድ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ክርክር ተጀመረ። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 715/2003 መሠረት 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ሥራ ቢለቅ፣ የጡረታ ዕድሜው ሊደርስ አምስት ዓመት ሲቀረው፣ ማለትም ከ55 ዓመቱ ጀምሮ፣ አበል ማግኘት ይችል ነበር። ዘመዶቻችን "አምስት ዓመት ምን አላት? ችላ ትጨርሰው" አሉ። እኔም ልቤ ወደዚያው ያዘነብል ነበር፤ የመጨረሻ ልጃችን ገና ኮሌጅ ነበረ። ባለቤቴ ግን ወረቀት አውጥታ አሰላችው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት ከአማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እርሷ 30 ዓመት ስላገለገለች 55 በመቶ ይደርሳታል። አምስት ዓመት ብትጨምር 61.25 በመቶ ይሆናል። "ለስድስት በመቶ ሳንባዬን ልስጥ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በእርግጥ በመካከሉ የሚቀርባት ሙሉ ደመወዝና ሊመጣ የሚችለው የደመወዝ ጭማሪም አለ፤ አማካዩ የሚሠራው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ ስለሆነ ጭማሪ ዋጋ አለው። ይህን ሁሉ ደምረን ቀንሰን ነው የተወሰነው።

ከመውጣቷ በፊት ብናኝ ወደማይበዛበት ወደ ማሸጊያ ክፍል እንድትዛወር ጠይቀን ነበር፤ ቦታው እስኪገኝ ጠብቁ ተባልን፤ ሳይገኝ ቀረ። ይህን የማነሣው ዝውውር መጠየቅ ከመልቀቅ የሚቀድም እርምጃ ስለሆነ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ፣ የሐኪም ማስረጃ ተያይዞበት ይሁን። አደገኛ ሥራ ላይ ያለን ሠራተኛ በአሠሪው ወጪ የጤና ምርመራ ማስደረግ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የተጻፈ ግዴታ ነው፤ ውለታ እንደምትለምኑ አትቁጠሩት።

በ2010 ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሳሉ እንዳለ ነበር፤ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌሊት ሳትነሣ ማደር ጀመረች። ዕድሜ ልኳን በፈረቃ ስትንገላታ የኖረች ሴት፣ ፀሐይ ስትወጣ ነቅታ ፀሐይ ስትጠልቅ መድከም ምን እንደሚመስል በ55 ዓመቷ ተማረች። ዳገት ላይ አሁንም ቆም ትላለች፤ የተጎዳው ሁሉ አልተመለሰም። ነገር ግን የትንፋሽ ልኬቷ መውረዱን አቆመ፤ ሐኪሙም ከዚህ የበለጠ መጠየቅ አይቻልም አለን። የረዳት ሌላ ትልቅ ነገር ማድ ቤታችን ነው። በዚያ ሳንባ ላይ የማገዶና የከሰል ጭስ መጨመር እንደሌለበት ስለተነገረን ከቆጠብነው ገንዘብ መጀመሪያ የገዛነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር። መብራት በሚጠፋበት ቀን እንጀራ ከጎረቤት እንገዛለን እንጂ እርሷ ጭስ ውስጥ አትገባም። ጎረቤቶች "እቤት ከዋልሽ ጥጥ ፍተይ፣ ለጋቢ ይሆናል" ሲሏት ያንንም እምቢ አለች። ጓሮ ጎመንና ቆስጣ ተከለች፤ የእድሩ የሴቶች ክፍል ውስጥ ገባች፤ ቀኗ ሞላ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ጥገና ክፍልን እወደው ነበር። ማሽን ሲቆም የሚጠሩት እኔን ነው፤ ደረጃ መውጣት፣ ማሽን ሥር መተኛት፣ ከመጋዘን ወርክሾፕ መመላለስ፣ ቀኑ እንዲህ ያልፍ ነበር። ወጣት መካኒኮች "ጋሼ፣ ይቺን ስማት እስቲ" ብለው ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ያስደግፉኝ ነበር። እጄን ጭኜበት ከንዝረቱ አውቃለሁ። ያን ጊዜ የማላስተውለው ነገር በእጄ የማውቀው ጆሮዬ ስለደከመ መሆኑን ነበር።

በ2012 ጥቅምት ጋቢ አልብሰው፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጥተው ሸኙኝ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታ ነበሩ፤ ዘመድ ጠየቅሁ፣ አጥር ጠገንኩ። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፤ እድሩ ተቋረጠ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳን ቀረ። እኔም ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ግን ምግቤ እንደ ሠራተኛ ምግብ ነበር። ማሽን ሲጎትት የሚውል ሰው የሚበላውን ያህል በልቶ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሌሊት በፈረቃ ሰዓት እነቃለሁ፤ ቀን አንቀላፋለሁ። በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። የልጅ ልጄ መጥታ ስታወራኝ ከንፈሯን ካላየሁ የምትለው አይገባኝም፤ ስለዚህ እየሳቅሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። እድሩ ሲከፈትም ስብሰባ ላይ የሚባለው ስለማይሰማኝ መሄድ ተውኩ። ሰዎች "ጡረታ ከወጣ ወዲህ ኮራ" አሉ፤ ባለቤቴም ተጨነቀች።

አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባለቤቴን ስጠራ ቃሉ አፌ ውስጥ ተጣመመ። እርሷ ፊቴን አየችና አንድ ጎኑ መውረዱን አስተዋለች። ጎረቤቶች "ይተኛና ይለፈው" ሲሉ እርሷ ወዲያው ታክሲ ጠራች። ቀላል ስትሮክ ነበር፤ ደም ግፊቴ ከ180 በላይ ነበረ። ከ140 በ90 በላይ ከፍተኛ እንደሚባል ያኔ ነው ያወቅሁት። ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ ለአንድ ሰዓት እንኳን አትጠብቁ፤ እኔን ያዳነኝ የባለቤቴ ፍጥነት ነው። ሐኪሙ ግፊቱ ከጡረታ በፊት ለዓመታት የኖረ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ፤ ምልክት ስለሌለው ካልተለካ አይታወቅም። በፋብሪካው ክሊኒክ በር ስንት ዘመን አልፌያለሁ፤ ራስ ምታት ካላለኝ ገብቼ ተለክቼ አላውቅም።

ሆስፒታል ሳለሁ ሌላ ነገር ተገለጠ። አንዲት ወጣት ሐኪም ጥያቄ ስትጠይቀኝ የማይገናኝ መልስ እሰጣለሁ። መጀመሪያ የስትሮኩ መዘዝ መስሏት ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስሜን ጠራች፤ አልሰማሁም። የጆሮ ምርመራ ታዘዘልኝ። ወፍራም ድምፆች በመጠኑ አሉ፤ ቀጫጭኖቹ ሄደዋል። ጩኸት መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭኑን ድምፅ የሚይዘውን የውስጥ ጆሮ ክፍል ነው፤ የሞተው ሕዋስ አይተካም። የሕፃንና የሴት ድምፅ፣ እንደ "ሰ" እና "ፈ" ያሉ ፊደላት የሚጠፉብን ለዚህ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በ20ዎቹ ዕድሜዬ፣ ሽመና ክፍል ሳለሁ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ሁላችንም ስለምንጮህና ከንፈር ስለምናነብ ማንም አላወቀብኝም። እንደ እኔ የሚሰሙ ሰዎች መሃል ስኖር ጤነኛ ነበርኩ፤ ጡረታ ከእነርሱ ሲለየኝ ደንቆሮ ሆኜ ተገኘሁ። የመስማት ችግር ሰውን ከሰው ያርቃል፤ በዕድሜ ለሚመጣው የመርሳት ሕመም ከሚያጋልጡ ነገሮችም አንዱ መሆኑ ታውቋል። የመስሚያ መሣሪያ ካስገባሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ የሳህን ኳኳታ እንኳን ራሴን ያመኝ ነበር። ታግሣችሁ ልመዱት፤ ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ የሚከተው በዚያን ጊዜ ነው።

ሳገግም ልጄ፣ የጤና መኮንን ነው፣ ስለ ጡረታና ጤና የተጻፉ ነገሮች እያነበበ ያጫውተኝ ነበር። በፈረንሳይ የመብራትና የጋዝ ድርጅት ሠራተኞችን ከጡረታ በፊትና በኋላ ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ብዙዎቹ ሲወጡ እንቅልፋቸው ተሻሽሏል፣ ጤናቸውም የተሻለ ሆኖ ተሰምቷቸዋል፤ ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ሥራቸው አስቸጋሪ የነበረባቸው ናቸው። የባለቤቴን ታሪክ ያገኘሁት እዚያ ጥናት ውስጥ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በአሜሪካ የሼል ነዳጅ ኩባንያ ሠራተኞችን ያጠና ሥራ በ55 የወጡት እስከ 65 ከቆዩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ እንደተገኘ ያሳያል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን፤ የታመመ ሰው ቀድሞ ስለሚወጣ "ቀድሞ መውጣት ይገድላል" ማለት አይቻልም። ሁለቱን ሳነጻጽር በቤታችን ያየሁት ይገባኛል። ሥራው ከባለቤቴ ትንፋሽ ይወስድባት ነበር፤ መውጣቷ መድኃኒት ሆናት። እኔ ዘንድ ሥራው በስተርጅና የሚሰጠኝ ይበልጥ ነበር፤ እንቅስቃሴ፣ ሰው፣ ክብር፣ የመኝታና የመነሻ ሰዓት። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን አስረክቤ በምትካቸው ያዘጋጀሁት አልነበረም። ስለዚህ 55 ይሻላል ወይስ 60 ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ጥያቄ ነው፤ ሥራህ ዛሬ ምን ይወስድብሃል፣ ምንስ ይሰጥሃል?

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ማለዳ ኪዳን አድርሼ ረጅሙን መንገድ ዞሬ በእግሬ እመለሳለሁ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል ተብያለሁና እርሱን አላጓድልም። ጨው ቀነስን፤ በተለይ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የሚገባውን ጨው ማንም አያስበውም፤ አሁን ባለቤቴ ያለ ጨው ታስፈጫለች። ኪኒኑን ደኅና በሆንኩበት ቀንም እውጣለሁ። ጠበል እንጠመቃለን፣ እንጸልያለን፤ የንስሐ አባቴ ራሳቸው "መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ" ብለውኛል። የፋብሪካው ክሊኒክ ሲቀርብን በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ተመዘገብን። በሳምንት ጥቂት ቀን በአንድ ወርክሾፕ ለወጣቶች የሞተር ጥገና አስተምራለሁ፤ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ለእኔ ግን ከኪኒኑ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። የእድሩ ንብረት ያዥም ሆኛለሁ።

ለጡረታ ሁለት ሦስት ዓመት የቀራችሁ ደግሞ እነዚህን አሁን ጀምሩ። ሰው ሀብት ክፍል ሄዳችሁ ማኅደራችሁን አስወጥታችሁ እዩ። ጡረታ የሚታሰበው ስትቀጠሩ ባስመዘገባችሁት ዕድሜ ነው፤ የስም ፊደል ልዩነት፣ የጎደለ የአገልግሎት ዓመት፣ ሳይገባ የቀረ መዋጮ ካለ አስተካክሎ ለመጨረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ያ ጭንቀት በራሱ ግፊት ያስነሣል። ከደመወዛችሁ የተቆረጠው 7 በመቶና ከአሠሪው የሚጨመረው 11 በመቶ መግባቱን ጠይቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ጆሮ፣ ትንፋሽ፣ ዓይን፣ ደም ግፊትና ስኳር ተመርመሩ፤ ውጤቱን ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። ሥራ ላይ ሳላችሁ የተመዘገበ ሕመም ከሥራ የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይቻላል፤ ከወጣችሁ በኋላ የሚገኝ ሕመም ግን እርጅና ይባልና ይታለፋል። ከተቻለ የመጨረሻውን ዓመት ትርፍ ሰዓትና የሌሊት ፈረቃ ቀንሱ። ከጡረታ በኋላ የምትሠሩትን ሥራም ሆነ የምትገቡበትን ማኅበር ደመወዝ እያላችሁ ጀምሩት፤ ሶፋ ላይ ከተቀመጡ በኋላ መነሣት እጅግ ከባድ ነው። ለትዳር አጋሮችም አንድ ነገር ልበል፤ ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ ከወጡ በኋላ ዝም ካሉ፣ ስብሰባ ከሸሹ፣ ቴሌቪዥን ካስጮሁ፣ ጠባይ ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ጆሮ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

በቅርቡ የማቅለሚያ ክፍል ባልደረባዬ የነበረ ሰው ሊያማክረኝ መጣ። 55 ሞልቶታል፣ አገልግሎቱ ከ25 ዓመት በላይ ነው፣ ልጆቹ "በቃህ ውጣ" ብለውታል። የኬሚካሉ ሽታ ያስለዋል፤ ሰው ግን ይወዳል፣ ቤት መዋል አይችልበትም። መጀመሪያ ሳንባውን እንዲመረመር፣ ከዚያ ወደ መጋዘን እንዲዛወር በጽሑፍ እንዲጠይቅ፣ ካልተፈቀደለት ያኔ እንዲወጣ ተስማማን፤ ማመልከቻውንም እዚሁ እኔ ቤት ጻፍነው። ምርመራው ንጹሕ ሆነለት፤ ዝውውሩም ተፈቀደለት። አሁን መጋዘን ውስጥ ቀለም ሳይነካ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከእኔ ጋር ወደ ወርክሾፑ እየመጣ ማስተማር ጀምሯል፤ 60 ሲሞላው የሚገባበት ቦታ ከወዲሁ አለው።